በእስክስታ ስፖርት ለምታሠራን የደሴ አሰልጣኛችን ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ደሴ ውስጥ የምትኖሩ፣ ከኮምቦልቻም ሆነ ከሐይቅ ለሥራ የምትመላለሱ ወገኖቼ፣ አንዲት ታታሪ እህታችንን ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁማችሁ ነው የመጣሁት። ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ በተከራየቻት መለስተኛ አዳራሽ ውስጥ በውዝዋዜ ስፖርት ታሠራለች። በአደባባይ ላመሰግንሽ ነው ስላት «ስሜንና ስልኬን ግን አያውጡብኝ፣ እትዬ» አለችኝ። ቃሌን አከብራለሁ። የሚፈልጋት ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አድራሻዋን እሰጠዋለሁ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። የደም ግፊቴ ከፍ ማለት ሲጀምር ሐኪሜ ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ አጥብቆ ነገረኝ። ሩጫ ለጉልበቴ አይሆንም፤ ብረት ማንሳትም አይስበኝም። በእግር መሄድ መልካም ነበር፣ ግን ደሴን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ጦሳ ሥር የተቀመጠች ዳገትና ቁልቁለቷ የማያልቅ ከተማ ናት፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭጋጉና ጭቃው እግር ያስራል። ወደዚህች አዳራሽ እጄን ይዛ የወሰደችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷንም በዚሁ አጋጣሚ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

ውዝዋዜ የሠርግና የበዓል ነገር እንጂ ስፖርት አይደለም የሚል ሰው አይጠፋም። ልብ ግን ትርታዋ የሚጨምረው በሩጫ ይሁን በእስክስታ አትመርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ጫና ያለው እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻውን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። እኛ በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት እንሠራለን፤ ማፍታቻውንና ማቀዝቀዣውን ጨምሮ 180 ደቂቃ መሆኑ ነው። ለጡንቻው የሚሆነውንም ውዝዋዜው ውስጥ ከታዋለች። ጉልበታችንን አጠፍ አድርገን፣ ወገባችንን ቀጥ አድርገን ዝቅ ብለን ትከሻ ስንመታ ጭናችን እንዴት እንደሚግል የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጫናው ልክ መሆኑን የምታረጋግጥበት መንገዷ ደስ ይለኛል። በሥራው መሀል ድንገት «ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?» ትላለች። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መመለስ የቻለ ልኩ ላይ ነው። ከዘፋኙ ጋር አብሮ የሚዘፍን ካለ ጨምር ይባላል፣ መልስ ለመስጠት ትንፋሽ ያጣ ደግሞ ቀንስ ይባላል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ከቆላው አካባቢ አዲስ የመጡ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። እነሱን ከፊት አታሰልፋቸውም፤ ከጎን አድርጋ እጅ ሳይጨምሩ በእግር ብቻ ታስጀምራቸዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ለእኔ ይህችን ልጅ ከሌሎች የሚለያት የቅንብር ችሎታዋ ነው።

ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ፣ ስሙን የማልጠቅሰው ቦታ ሞክሬ ነበር። አሠልጣኙ ጎበዝ ተወዛዋዥ ነው፣ ሰውነቱ እንደ ልቡ ይታዘዝለታል። ግን ከኢንተርኔት የቀዳውን እንዳለ ያመጣዋል፤ ጀርባውን ሰጥቶን ይጨፍራል፣ እኛ ከኋላው እንንጋጋለን። አንዱን እንቅስቃሴ ሳንይዘው ሌላው ይመጣል። ሙዚቃው ሲጮህ ትእዛዙ አይሰማም። ዝላዩ ሲሚንቶ ላይ ነበር። አብረውኝ ከነበሩት ሁለት ሴቶች ጉልበታቸውን አሟቸው አቋረጡ።

የመድረክ ቅንብር የሚሠራው ከፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ነው። ወሎ በዚህ የታወቀ አገር ነው፤ በደርግ ዘመን የነበረውን የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ዛሬም ድረስ ሽማግሌዎቻችን ያነሱታል። እዚያ መድረክ ላይ ሰልፉ፣ የልብሱ ኅብር፣ የተወዛዋዦቹ አንድ ላይ መዞር ለተመልካች ዓይን የታሰበ ነው። ለስፖርት የሚሠራ ቅንብር ግን ተመልካች የለውም። ውበቱ ለሚሠራው ሰው ሰውነት መስማማቱ ላይ ነው። አሰልጣኛችን ራሷ በባህል ቡድን ውስጥ ተወዛውዛ ያደገች ናት፤ ሆኖም መድረክ ላይ የምታውቀውን ሁሉ አምጥታ አልጫነችብንም። መርጣ፣ ቀንሳ፣ እኛን በሚመጥን መልኩ ሠርታዋለች። ይህን ማድረግ የሚችል ተወዛዋዥ ብዙ አይደለም።

ምቱን እንይ። ከውጭ የሚመጡት የስፖርት ሙዚቃዎች በአብዛኛው አንዱን ምት ለሁለት እየከፈሉ ይሄዳሉ፣ እስከ ስምንት ይቆጠራሉ። የእኛ ችክችካ ደግሞ አንዱን ምት ለሦስት ይከፍለዋል። ይህን ያልተረዳ ሰው የውጭውን እንቅስቃሴ በችክችካ ላይ ሲጭነው እግር ከከበሮ ጋር ይጣላል፣ ትከሻም ቦታ ያጣል። እሷ «አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት» እያለች ትቆጥርልናለች። እግር «አንድ» ላይ ያርፋል፣ ትከሻ «ሁለት-ሦስት»ን ይሞላል። ለካ ችክችካ ለትከሻ ጊዜ የሚሰጥ ምት ነው! ይህን ከያዝን በኋላ ማሰብ ቀረ፣ ሰውነት ራሱ መምጣት ጀመረ።

አዲስ ነገር ስታስተምር ቅደም ተከተሏ አይዛነፍም፤ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ትከሻ፣ አንገት መጨረሻ። ቀኝ እግር ወደ ጎን ይወጣል፣ ግራው ይከተለዋል፤ መመለሻው በግራ ይሆናል። ይህን ብቻ ሙዚቃው በዝግታ እየሄደ ደጋግመን እናደርገዋለን። እግር ሳያስብ መሄድ ሲጀምር ትከሻ ይጨመራል። የወሎ ጭፈራ ጌጡ አንገት ነውና ሁሉም ሰው ቶሎ አንገት ላይ መድረስ ይፈልጋል፤ እሷ ግን አታቻኩልም። ሁለት ጣታችንን አንገታችን ሥር፣ አጥንቱ ላይ አስደርጋ፣ ደረት ሳይነቃነቅ አገጭን ብቻ ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ መለስ ታስደርገናለች። ጣታችን ሥር ያለው አጥንት ከተንቀሳቀሰ በአንገት ፈንታ በደረታችን እየሠራን ነው ማለት ነው። ጭንቅላትን ወደ ኋላ መጣል ክልክል ነው። እንደ እኔ ግፊት ያለበት ሰውም ድንገት አጎንብሶ ቀና አይልም፤ ለእኛ የተለየ ነገር አዘጋጅታለች፣ ከሌላው ሰው ጋር እኩል እየሄድን ዝቅ ማለቱን ብቻ እናስቀራለን። ከሩቅ የሚያየን ሰው ልዩነቱን አያውቅም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው መሸጋገሪያው ነው። አንድ እንቅስቃሴ አልቆ ሌላው ሲጀምር ክብደታችን የት እግር ላይ እንደሆነ አስባ ነው የምትሠራው። በግራ እግራችን ቆመን ስንጨርስ ቀጣዩ በቀኝ ይነሳል። ቀላል ይመስላል፣ ግን መሸጋገሪያው ሲሳሳት ነው ሰው የሚደናቀፈው፣ ቁርጭምጭሚት የሚወለመው፣ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ የሚቀረውም። በቀኝ የተሠራው ሁሉ በግራም ይሠራል። ቀጣዩን የምትናገረው አሁን የያዝነው ከማለቁ በፊት ነው። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ስትሠራ ግራና ቀኙን ለራሷ ገልብጣ ትይዘዋለች፤ እኛ እንደ መስታወት እያየናት እንከተላለን። ለእሷ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ሞክሬ አይቼዋለሁ፣ አእምሮን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የአንድ ሰዓቱ አካሄድም ታስቦበታል። ማፍታቻው በአምባሰል ቅኝት በተሠሩ ለስላሳ ዘፈኖች ይጀምራል። ከዚያ ችክችካው ይመጣል፣ ቀስ እያለ ይጨምራል። ጉልበቱ ላለው ሰው ጉራጊኛው የመጨረሻው ዳገት ነው፤ ላብ እንደ ውኃ የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ከባድ ዘፈን በኋላ ትንፋሽ የሚመልስ አንድ ቀለል ያለ አለ። መዝለል ለማይችል ሰው ዝላዩ ሁሉ ተረከዝ ከፍ ማድረግ ብቻ ይሆንለታል። መጨረሻ ላይ ትዝታ ትከፍታለች፤ ሰውነታችንን እያሳሳብን፣ ትርታችን እየወረደ እንጨርሳለን። የወሎ ልጅ በትዝታ ተነፋፍሶ ቤቱ ሲገባ የሚሰማውን ለወሎ ሰው አላብራራም።

በረመዳን ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ አድርጋ ታሳጥረዋለች። በዐቢይ ጾም ጠዋት ለሚመጡት ዝላዩንና ጉራጊኛውን ታወጣለች። ሁለቱ ጾሞች በተገጣጠሙ ጊዜ ለሁለቱም የሚሆን ረጋ ያለ ቅንብር አዲስ ሠርታ አመጣች፤ ማንም አልጠየቃትም። የጠዋቱ ክፍል ለሴቶች ብቻ ነው፣ መጋረጃው ይዘጋል፣ ስልክ አውጥቶ መቅረጽ አይፈቀድም። በዚህ ምክንያት ባለቤቶቻቸውም ቤተሰቦቻቸውም ሳይከፋቸው የሚመጡ ብዙ እህቶች አሉ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ካልታሰበ ግማሹ ሰው ውጭ ይቀራል።

ከእኛ ጋር የሚሠሩ አንዲት ሐጃ አሉ፣ እድሜያቸው ገፍቷል፣ ጉልበታቸው አይታጠፍም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። አሰልጣኛችን ለሳቸው ብቻ የሚሆን የእጅና የትከሻ ቅንብር ሠርታለች፤ የእኛ እግር የሚመታውን ምት እሳቸው በመዳፋቸው ጭናቸው ላይ ይመቱታል። «እማማ፣ ትከሻዎን ይስጡኝ» ስትላቸው ሐጃ ትከሻቸውን የሚመቱት ከሁላችንም በላይ ነው። እኛ ስናጨበጭብላቸው «አብሽሩ፣ ገና ነኝ!» ይላሉ።

ለትልልቅ ሰዎች ውዝዋዜ ከጡንቻም ያለፈ ነገር ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ አንድ ጥናት እድሜያቸው ከ75 በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ተከታትሎ፣ ከመረመራቸው የአካል እንቅስቃሴዎች ውስጥ ለመርሳት በሽታ ከመጋለጥ መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። አንድ ጥናት ብቻውን ዳንስ ከመርሳት ያድናል ብሎ ለመፍረድ አይበቃም፣ ዝምድና ነው ያሳየው። ግን ቅደም ተከተል ማስታወስ፣ ምት መስማት፣ ከጎን ካለው ሰው ጋር መግጠም በአንድ ጊዜ የሚጠየቅበት ሌላ ስፖርት እስቲ አስቡ። የእኔን ትውልድ ወላጆች ወደዚህ ማምጣት አለብን።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚሠራው ዙምባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ኮሎምቢያዊ አሠልጣኝ ከላቲን አሜሪካ ሙዚቃ ያስጀመረው ነው። ሰውየው ሕዝቡ የሚያውቀውን ዘፈንና ጭፈራ ይዞ ነው የተነሳው። እኛ ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች ያሉን፣ አንገትና ትከሻ የምንጫወት ሰዎች ሳለን በሰው አገር ዘፈን ብቻ ስፖርት የምንሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ዙምባን አልነቅፍም፤ የሚወደው ይሥራው። ይህች እህታችን ግን የእኛውን ጭፈራ በሥርዓት፣ በጤና ዕውቀትና በአክብሮት እየሠራችው ነው። ሌሎች ወጣት ተወዛዋዦች ቢያዩአት፣ ቢማሩባት እመኛለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ የሴቶች ክፍል ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። የወንድና የሴት የጋራ ክፍል በእነዚሁ ቀናት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። ሶሉ ለስለስ ያለ ጫማ፣ የማይጠብ ልብስና ውኃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሆዳችሁ ጢም ብሎ አትሂዱ። የልብ፣ የግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ከሐኪማችሁ ተነጋገሩና ለእሷም ሳትደብቁ ንገሯት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀውም ይህንኑ ነው። ክፍያው አያስደነግጥም፤ የቸገረውንም ሰው መልሳ አታውቅም።

አዳራሿ አሁን ጠባለች፣ ወለሉም ሲሚንቶ ስለሆነ ምንጣፍ እያነጠፈች ነው የምታሠራው። ደሴ ውስጥ የእንጨት ወለል ያለው ሰፋ ያለ አዳራሽ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያከራይ ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ በዚሁ በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልናል።