ካን አካዳሚ ኪድስ፦ አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ብቻውን እንግሊዝኛ ይማርበታል?

ካን አካዳሚ ኪድስ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከ2 እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ የስልክና የታብሌት አፕ ነው። ክፍያም ማስታወቂያም የለውም፤ ጨዋታው መሃል ላይ «ይህን ለመክፈት ይግዙ» የሚል ነገር አይመጣም። ስልኩን ለትንሽ ልጅ ለሚሰጥ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነፃ ከሚባሉት የልጆች ጨዋታዎች ብዙዎቹ ልጁ ሳያውቅ በነካው ማስታወቂያ በኩል ሌላ ቦታ ይወስዱታልና።

ሆኖም አፑ የተዘጋጀው እንግሊዝኛ እየሰማ ላደገ ልጅ ነው። ትእዛዙ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይነገራል። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ የአምስት ዓመት ልጅ «ይህን ድምፅ የሚሰጠውን ፊደል ፈልግ» ሲባል ፊደሉን ቢያውቀው እንኳ ጥያቄው አይገባውም። ስለዚህ ይገምታል። ሲሳሳት ቅጣት የለም፣ እስኪያገኘው ይነካካል፣ ሽልማቱም ይመጣለታል። ወላጅ ሽልማቱን አይቶ «ጎበዝ!» ይላል፤ ልጁ ግን የተማረው መነካካትን ነው። ግምት መሆኑን ለመለየት ጣቱን ተመልከቱ። ድምፁ ተናግሮ ሳይጨርስ ጣቱ ከቀደመ፣ እያዳመጠ አይደለም።

መፍትሔው አጀማመሩ ላይ ነው። ለልጁ ፕሮፋይል ስትከፍቱ ዕድሜውን ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ብትሉ ጥያቄዎቹ በሥዕልና በጥቂት ቃላት ይጀምሩለታል። ከዚያ አፑ በራሱ መንገድ የሚመራበትን ትልቁን የማጫወቻ ቁልፍ ለመጀመሪያው አንድ ወር ተዉትና ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ግቡ። የአፑ ትልቁ ሀብት እዚያ ያሉት መጻሕፍት ናቸው። «አንብብልኝ» የሚለውን ስትመርጡ ድምፁ ያነባል፣ የሚነበበው ቃልም እየደመቀ ይሄዳል። አጭር መጽሐፍ አንድ ብቻ መርጣችሁ ሦስት ቀን ደጋግሙት። ከውስጡ ሦስት ቃል ያዙ፣ ቤት ውስጥ ባለ ነገር አሳዩት። ኳስ ካለ ኳሱን፣ ኮፍያ ካለ ኮፍያውን ያምጣ። በአራተኛው ቀን «ራሴ አነባለሁ» የሚለውን ከፍታችሁ እሱ ገጹን እየገለጠ ያስታወሰውን ይናገር። ማንበቡ አይደለም፣ ቃሉን ከሥዕሉ ጋር ማያያዙ ነው የሚፈለገው።

ፊደል ላይ ሲደረስ የኛ ልጆች የሚቸገሩበት የተለየ ነገር አለ። «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያለ የቆጠረ ልጅ እያንዳንዱ ምልክት አናባቢውን ይዞ እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው። እንግሊዝኛ ግን ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፋል። «ባት» በኛ ሁለት ፊደል፣ በእነሱ ሦስት ነው። ልጁ ሦስቱን ፊደላት በስማቸው ጠርቶ «ቢ-ኤ-ቲ» ይልና ከዚያ ወዲያ መሄድ ያቅተዋል። አፑ የፊደሉን ስም ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ያስተምራል፤ እናንተም ቤት ውስጥ ስሙን ብቻ አታስጠኑ። ሳድስን ተጠቀሙ፦ «ብ… ኣ… ት»። መጀመሪያ እያረፋችሁ፣ ቀጥሎ እያፈጠናችሁ፣ በመጨረሻ «ባት»። ፊደል የቆጠረ ልጅ ሳድስን ስለሚያውቀው ቶሎ ይገባዋል። የፊደል ገበታው እንቅፋት መስሎ የታየው እዚህ ላይ መሰላል ይሆናል።

አፑ የማይሸፍነውም አለ። ልጁ ሲናገር ሰምቶ አያርመውም። መርከብና በግ ማለት የሆኑት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በኛ ጆሮ ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። ምላስ በጥርሶች መሃል ወጥቶ የሚነገረውን ድምፅም ልጆች «ዝ» ወይም «ስ» ይሉታል። ይህን ከስልክ ሳይሆን ከሰው አፍ አይተው ነው የሚይዙት፤ መስታወት ፊት ቆሞ ምላስን ማሳየት ይረዳል።

ብቻውን እንዲሠራ ማድረግ የሚቻለው ቀስ በቀስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አጠገቡ ተቀመጡ፣ ግን ጣታችሁን ከስክሪኑ አርቁ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ድምፁን ስሙ፤ ለዚህ ሲባል ጆሮ ማዳመጫ አታድርጉለት። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ራሱ ይምረጥ፣ ሲጨርስ ደግሞ አንድ ነገር መጥቶ ይንገራችሁ፣ በአማርኛም ቢሆን። በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለ ልጅ የስክሪን ጊዜ በቀን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ቴሌቪዥኑም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል።

ስልኩንም አዘጋጁት። አንድሮይድ ላይ ከሴኪዩሪቲ ሴቲንግ ውስጥ አፕ ፒኒንግ የሚለውን አብሩ፣ አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስን፤ ሁለቱም ስልኩን በአንድ አፕ ላይ ይቆልፉታል። ልጁ ከአፑ ወጥቶ ዩቲዩብ ወይም ቴሌግራም ውስጥ አይገባም። ይህ ካልተደረገ «ብቻውን ይማራል» የሚባለው ነገር ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።

ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ቤት አፑ ያለ ኔትወርክ የሚከፈቱ የተወሰኑ መጻሕፍትና ጨዋታዎች አሉት። ሙሉው ይዘት ግን ዳታ ይፈልጋል። ዋይፋይ ባለበት ቦታ ጫኑት፣ ፕሮፋይሉንም እዚያው በኢሜይላችሁ ክፈቱ፤ ልጁ ከመያዙ በፊት ዋይፋዩንና ዳታውን አጥፍታችሁ የትኞቹ እንደሚከፈቱ ሞክሩ። የማይከፈት ሥዕል ደጋግሞ የነካ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል።

አሜሪካ ወይም እስራኤል ላላችሁና አማርኛው እየጠፋባችሁ ላለ ቤተሰቦች ግን ይህ አፕ አይሆንም፤ አማርኛ የለውም።