አቶቴ አካባቢ ያለው የማታ እንግሊዝኛ ትምህርት

ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሠራው። እንግሊዝኛ እንጀራዬ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የማታ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ቤት ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን ከግራመር ንቅንቅ አይልም። አቶቴ አካባቢ ያለው ይሄኛው ይለያል። ጡረታ የወጡት መምህራችን ሁላችንም የምናውቀውን አንድ ቃል ይመርጡና ምሽቱን ሙሉ እሱኑ ያገላብጡታል።

ለምሳሌ ኦኬ። ከባጃጅ ሹፌር እስከ ዶክተር ኦኬ የማይል የለም። መነሻው የአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የከተማዋ ጋዜጦች ሐረግን ሆን ብለው በተበላሸ ስፔሊንግ ማሳጠር ፋሽን አድርገውት ነበር። «ሁሉም ትክክል» የሚለው በእንግሊዝኛ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው። እነሱ ግን «ኦል ኮሬክት» ብለው በኦ እና በኬ አሳጠሩት። እ.ኤ.አ. ማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት ላይ ወጣ። በዓመቱ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለዳግም ምርጫ ቀረቡ። የትውልድ ቀያቸው ኪንደርሁክ ስለሆነ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይባሉ ነበር፤ ደጋፊዎቻቸውም ኦኬ ክለብ አቋቋሙ። ሰውየው ተሸነፉ፣ ቃሉ ግን ዓለምን አዳረሰ። ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ነው።

እኔን የጠቀመኝ ግን አጠቃቀሙ ነው። እኛ ኦኬ የምንለው እሺ ለማለት ነው። እንግዳ «ክፍሉ ኦኬ ነው» ካለ ግን ብዙ ጊዜ «ምንም አይልም» ማለቱ ነው፤ ወደደው ማለት አይደለም። ጎተት አድርጎ «ኦኬ...ይ» ካለማ ነገሩ አልተዋጠለትም። መምህራችን ሁለት ሁለት አድርገው እንግዳና አስተናጋጅ እያደረጉ አለማመዱን። ፎጣ የጠየቀን እንግዳ በደረቁ ኦኬ ከማለት «ሰርተንሊ» (እንዴታ እንደማለት ነው) ማለት እንደሚሻልም ያየሁት እዚያ ነው። አሁን እንግዳ ክፍሉን ኦኬ ሲለኝ «ምን እናስተካክልልዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ትራስ ይላል፣ አንዱ የሙቅ ውሃው ነገር ይላል። ድሮ ሳይናገሩ ይሄዱ ነበር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰሌዳው አይታየውም። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የለም፣ በሞባይል መብራት ነው የምንጨርሰው። ሃንድአውቱ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ሳለ ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ይሄ ልክ አይደለም፣ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

ከዜሮ ለሚጀምር አልመክረውም፣ ይከብደዋል። መሠረቱ ላላችሁ፣ በተለይ ከእንግዳ ጋር ለምትሠሩ ግን ተመዝገቡ። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ የፊት ወንበር ቶሎ ይያዛል።