ለአዲስ አበባ–አዳማ የዕለት ተመላላሽ የትኛው ባቡር ይገዛ?

ከሰበታ እስከ አዳማ ሃዲዱ ጥንድ ነው፤ በላዩም የ25 ኪሎ ቮልት መስመር ተዘርግቷል። የተሳፋሪ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሊሄድበት ይችላል። ትልቁ ወጪ ስለወጣ የናፍጣ ባቡር ከምርጫው ይውጣ። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር እስከ አዳማ ማስረዘምም አያዋጣም፤ በ750 ቮልት ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት) ይሠራል፣ ፍጥነቱም ከ70 አያልፍም። የሚቀሩት ሦስት ናቸው፦ ሎኮሞቲቭ (ሞተር ያለው ጎታች) የሚጎትታቸው ፉርጎዎች፣ እነዚሁ ፉርጎዎች ከኋላ ጫፋቸው የሾፌር ክፍል ሲጨመርላቸው (ባለ ሁለት ጫፍ)፣ እና ሞተሩ በየፉርጎው ሥር የተከፋፈለ ባቡር (ባለ ብዙ ሞተር)።

ብዙዎች የሚያወዳድሩት ፍጥነትን ነው። ልዩነቱ ግን የሚታየው መነሻና መድረሻ ላይ ነው። ሎኮሞቲቩ አዳማ ሲደርስ ይፈታል፣ በጎን ሃዲድ ዞሮ በሌላው ጫፍ ይገጠማል፣ ፍሬን ይፈተሻል፤ 20 ደቂቃ ሄደ። በሁለቱም ጫፍ የሾፌር ክፍል ካለ 7 ደቂቃ ይበቃል። ባለ ብዙ ሞተሩ ደግሞ ቶሎ ስለሚነሳና በሩ ሰፊ ስለሆነ፣ በየፌርማታው ከ1 እስከ 1 ደቂቃ ተኩል ያተርፋል።

በመሃል 5 ጣቢያ ይኑር፣ ባቡር በየ30 ደቂቃው ይነሳ ብለን እናስላ (የጉዞው ደቂቃ ለስሌት የተወሰደ ነው)፦

| ዓይነት | ጉዞ + መዞሪያ | ደርሶ መልስ | ተሰማሪ ባቡር |
|---|---|---|---|
| ሎኮሞቲቭ ብቻ | 75 + 20 | 190 | 7 |
| ባለ ሁለት ጫፍ | 75 + 7 | 164 | 6 |
| ባለ ብዙ ሞተር | 68 + 7 | 150 | 5 |

ደርሶ መልሱ ለ30 ተካፍሎ ወደ ላይ ይጠጋጋል። በእያንዳንዱ ላይ ለጥገና ቢያንስ አንድ ባቡር ይጨመር። ዋጋ ሲወዳደርም የአንድ ባቡር ዋጋ ብቻውን ያሳስታል፤ 8 ባቡር ከ6 ጋር ነው የሚነጻጸረው።

ባቡሩ በሰዓት አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚነሳ ከሆነ ባለ ሁለት ጫፉ ይሻላል፤ ጭነት የሚስቡት ሎኮሞቲቮች ስላሉ ጥገናው የታወቀ ነው። ነገር ግን ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ ሲገፋ ከፊት ካለው ክፍል ማዘዝ የሚቻል መሆኑ ከውል በፊት ይፈተሽ። በየግማሽ ሰዓቱ ለሚሄድ አገልግሎት ግን ባለ ብዙ ሞተሩን እንመርጣለን።

በጨረታ ሰነዱ ላይ ሁለት ነገር አይዘለል። አንዱ ከፍታ ነው። የአዲስ አበባው የለቡ ጣቢያ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የአውሮፓ መደበኛ የባቡር ዕቃ ግን እስከ 1,400 ሜትር ብቻ የታሰበ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተር ማቀዝቀዣ ይዳከማል፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ ርቀትም አይበቃም፤ ስለዚህ "ለ2,500 ሜትር" ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው መለዋወጫ ነው። ከቀላል ባቡሩ 41 ባቡሮች ብዙዎቹ የቆሙት በመለዋወጫ እጦት ነው። የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ማሸጊያ፣ የፓንቶግራፍ (ከላይ ካለው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ) ካርቦን፣ የኮምፒውተር ካርድና የመንኮራኩር ጠርዝ ለ5 ዓመት በሚበቃ መጠን ከባቡሩ ጋር በአንድ ውል ይገዙ፤ ኋላ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ መጠበቅ ይመጣልና።

የመድረኩን ከፍታ ደግሞ በየጣቢያው በሜትር ለክቶ ከፉርጎው ወለል ጋር ማስተያየት ከሁሉም ይቅደም። ደረጃ መውጣት ካለ አንድ ደቂቃ የነበረው ማሳፈሪያ ሦስት ይሆናል፤ ከላይ ያለው ሠንጠረዥም አይሠራም።