ማርሽ ሲቀይር ለሚመታ አሮጌ አውቶማቲክ ፒክአፕ፦ ዘይቱን ማየት ወይስ በኮምፒውተር ማስመርመር?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ጠመዝማዛ ዳገት የሚመላለስ አሮጌ አውቶማቲክ ፒክአፕ ማርሽ ሲቀይር እየመታ ወይም እየዘገየ ካስቸገረ፣ ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ሁለት የምርመራ መንገዶች አሉ።

ወጪ፦ ዘይቱን ማየት ምንም አያስከፍልም፤ የኮምፒውተር ምርመራ ግን ይከፈልበታል።

አሠራር፦ በአብዛኞቹ መኪኖች የካምቢዮ ዘይት የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራና መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ስለሆነ፣ ተዳፋት በሚበዛባት ደሴ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። መለኪያው በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ዘይቱ ቀይና ጥርት ያለ ከሆነ መልካም ነው፤ ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ግን የፍሪሲዮን ዲስኮቹ (በካምቢዮው ውስጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ዲስኮች) መቃጠላቸውን ያመለክታል፤ ይህን ሽታ የሚተካ መሣሪያ የለም። ኮምፒውተሩ በበኩሉ የሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ወይም የፍጥነት ሴንሰር ችግርን ይጠቁማል።

ስጋት፦ ከልክ በላይ የተጨመረ ዘይት አረፋ ፈጥሮ ችግሩን ያብሰዋል። ኮምፒውተሩ የሚያወጣው የስህተት ኮድም ቢሆን የሚጠቁመው ችግሩ ያለበትን የኤሌክትሪክ መስመር እንጂ የግድ የሚቀየረውን ዕቃ አይደለም፤ የተቆረጠ ሽቦ ያንኑ ኮድ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሶሌኖይድ ከመግዛት በፊት ሽቦው ይፈተሽ።

ካምቢዮው ከነዳጅ መስጫው በሚመጣ ኬብልና በዘይት ግፊት ብቻ የሚሠራ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ነገር ስለሌለ ዘይቱና የኬብሉ ውጥረት ይታዩ፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሆኖ ዘይቱ ንጹሕና ልኩን የጠበቀ ሲሆን ግን፣ በተለይ የማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ፣ ለምርመራው መክፈል ተገቢ ነው።