በታርጋ ስህተት ለመጣ ቅጣት፦ የፖፕላ የይግባኝ አገልግሎት

እንግሊዝ አገር በአንድ የግል መኪና ማቆሚያ ሒሳቡ ተከፍሎ ሳለ፣ የታርጋችን «ኦ» ፊደል በማሽኑ ላይ ዜሮ ሆኖ በመመዝገቡ ብቻ የ100 ፓውንድ መጠየቂያ ደብዳቤ ደረሰን። ማቆሚያውን የሚያስተዳድረው ድርጅት አቤቱታችንን ውድቅ ሲያደርግ በሰጠን ኮድ ወደ ፖፕላ ይግባኝ አልን፤ ይህ ገለልተኛ አካል የብሪታንያ የመኪና ማቆሚያ ማኅበር አባል የሆኑ ድርጅቶችን ጉዳይ የሚያይ፣ ለአሽከርካሪው በነጻ የሚሠራና ውሳኔው ድርጅቱን እንጂ አሽከርካሪውን የማያስገድድ ነው። የዘርፉ የአሠራር ደንብ እንዲህ ያለው ጥቃቅን የአጻጻፍ ስህተት እንዲሰረዝ ስለሚያዝ፣ ደረሰኙንና የመኪናውን መታወቂያ ደብተር ጎን ለጎን አያይዘን ይህንኑ ጠቀስን፤ ድርጅቱም (ቀድሞ ደረሰኙን ቢያይ ምን ነበረበት!) ሳይከራከር ቅጣቱን አነሣ። ድረ ገጹ ግልጽ ቢሆንም መልሱ ይዘገያል፤ ይግባኙ ካልተሳካ ደግሞ ቀድሞ ለሚከፍል የሚሰጠው ቅናሽ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚቀር፣ ማስረጃ ሳይዙ ማመልከት አያዋጣም።