ጠገራ ብርና መታሰቢያ ሳንቲም፦ የጎንደሯ ሱቅ ስትገመገም

በፋሲል ግንብና በፒያሳ መካከል ያለችው ይህች የጥንት ዕቃ ሱቅ ለሳንቲም ሰብሳቢ በእውነት ትጠቅማለች። ሻጩ ሚዛን አውጥቶ ያስመዝናል፤ ይሄ ብቻውን ያስመሰግነዋል።

ብዙ ያላት ጠገራ ብር፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ሳንቲም ነው። ላዩ ላይ ያለው 1780 የሚለው ቁጥር ዕድሜውን አይነግርም፤ ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላም ያው የዓመት ቁጥር እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ሥራውን እዩ። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው። ትንሽ መጉደል የመበላት ነው፤ 2 ግራም ከጎደለ ግን ተዉት። በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በማጉያ አቅርቡት፦ ዙሪያው 9 ሉሎች ተለያይተው መታየት አለባቸው። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ላይ ሉሎቹ ይዋሃዳሉ፣ ጠርዙም ላይ የመገጣጠሚያ መስመር በጥፍር ይያዛል። በእውነተኛው ጠርዝ ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ጎላ ያሉ ናቸው።

በ1964 ዓ.ም. ከወጡት የብር መታሰቢያዎች ዳግማዊ ቴዎድሮስ ያሉበት ባለ 5 ብር ከተገኘ፣ ለጎንደር ሰው ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ቅር የሚያሰኘው አያያዙ ነው። አንዳንዱ በአመድ ተፈትጎ ያብረቀርቃል፤ የተፈተገ ሳንቲም ዋጋው ይወድቃል፣ ጭረቱም አይመለስም። ሳንቲሞቹ የተቀመጡበት ለስላሳ ላስቲክ ደግሞ አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል። ገዝታችሁ እንደወጣችሁ በወረቀት ኪስ አድርጉት።