ቴሌብር በአሞራ ገደል፦ መልእክቱን ሳይሆን ሒሳባችሁን እዩ

ሐዋሳ ውስጥ ከአሞራ ገደል ዓሣ ሻጭ እስከ ባጃጅ ሾፌር በቴሌብር የሚቀበለው ብዙ ነው። በግንቦት 2013 የተጀመረው ይህ የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት የዝርዝር ብር ጭቅጭቅን አቅልሏል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ትልቁ ጥንካሬው ከመክፈላችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ማሳየቱ ነው። ስሙን ሳያነቡ ባለ 6 አኀዙን የሚስጥር ቁጥር መምታት ግን ጥበቃውን በገዛ እጅ መጣል ነው። ተቀባዩ ገንዘቡን ካወጣው በኋላ ማስመለስ ስለሚከብድ፣ ስህተቱን እንዳያችሁ ወዲያው ወደ 127 ደውሉ።

የሚጭበረበረው በብዛት ሻጩ ነው። ገዢው ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ገብቷል» ይላል። የስክሪን ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፤ ስሙም መጠኑም በቀላሉ ይቀየራል። አጭር መልእክት ከደረሳችሁ ላኪውን እዩ። ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ ከሆነ፣ ቃላቱ አንድ በአንድ ቢመሳሰሉም፣ አትመኑት። ዓሣው ከመታሰሩ በፊት *127# መትታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ተመልከቱ፤ ይህ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ቀድሞ የነበረውን ቀሪ ካላወቃችሁ ግን የዓሣው ዋጋ፣ 600 ብር ቢሆን እንኳ፣ መጨመሩን መለየት አትችሉም፤ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ ጻፉት።

ኔትወርክ ሲጨናነቅ ከገዢው ተቆርጦ የሻጩ መልእክት ይዘገያል። ያኔ ቸኩሎ ሁለተኛ መክፈል አይገባም። የክፍያ ታሪኩን ከፍታችሁ የግብይት ቁጥሩን ያዙ፤ አቤቱታ የሚከታተሉት በእሱ ነው።

አገልግሎቱ የሚያንሰው አቤቱታ አያያዝ ላይ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ባለቤት መንግሥት ነው፤ ተቆጣጣሪዎቹም የመንግሥት ናቸው፤ አቤቱታ የሚቀርብበትም የሚሰማውም ከአንድ ቤት ነው። በጥቅምት 2017 የኩባንያው 10 በመቶ ድርሻ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ አንዱ አክሲዮን 300 ብር ሆኖ፣ ከ100 ሚሊዮኑ አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሽያጩ ያነሰበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሆኖም የደንበኛ ብዛት ብቻውን አመኔታን አያሳይም። ሰው አማራጭ ሲያጣም ይጠቀማል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ መልካም ነው፤ ዓሣ ሻጯ ግን የክፍያ ታሪኳን ማን እንደሚያይ በአማርኛም በሲዳምኛም በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

አቤቱታችሁን በቃል ብቻ አትተዉ፤ በጽሑፍ አስገብታችሁ የተቀበሉበትን ቀንና መለያ ቁጥር ጠይቁ። ኩባንያውም በየወሩ ስንት አቤቱታ እንደቀረበለት፣ ስንቱን በስንት ቀን እንደፈታ በአገልግሎት ማዕከሉ በር ላይ ይለጥፍ።